የማይንቀሳቀስ ንብረት

ሰው የማይኖርበትን ቤት መግዛቱ የሚያደርሰው በደል አለ? ገንዘቡ የላቡ ነው፣ ሻጩ ወዶ ሸጧል፣ ውሉ ተመዝግቧል፣ ግብሩ ተከፍሏል። ቤቱም አልፈረሰም፤ እዚያው ቆሟል። ታዲያ ተበዳዩ ማነው? ሕግ አዋቂ ብትጠይቁ «የለም» ብሎ ይሸኛችኋል። እኔ ግን ሰሞኑን ጥያቄውን እንዲህ በቀላሉ መሸኘት አቅቶኝ ሰነበትኩ።

ያመጣችብኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ኢጣሊያ ከገባች 22 ዓመት ሆናት። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ እዚያ «ባዳንቴ» ይሉታል። ከአሮጊቷ ወይም ከሽማግሌው ጋር አንድ ቤት እያደሩ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ሌሊት መነሳት። ፓስፖርቷ አሁን የጣሊያን ነው። ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ፤ ጡረታዋም ሩቅ አይደለም። ሁለት ሐሳብ ይዛ ደወለች። አንዱ ደቡብ ኢጣሊያ፣ ሲሲሊ ወይም ፑሊያ፣ ባሕር የሚያይ ትንሽ ቤት ገዝቶ ለዕረፍት መመላለስ ነው። ሁለተኛው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ ከገደሉ አናት ላይ ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያይ ቤት። «በዓመት አንድ ወር እመጣለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ይዘጋል፣ ካልሆነም ይከራያል» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ሂድና እየው።»

ሄጄ አየሁት፤ ወደሱ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን የአውሮፓውን ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፤ በዚያ ባሕር ዳርቻ ይህ ጉዳይ ከኛ ቀድሞ ብዙ ተሞክሯልና።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳምቡካ የምትባል የሲሲሊ ከተማ ባዶ የቀሩ አሮጌ ቤቶቿን በአንድ ዩሮ መነሻ ዋጋ ለሽያጭ አቀረበች፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሙሶሜሊና ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። አንድ ዩሮ ሲባል ግን ስጦታ እንዳይመስላችሁ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ሊያድስ ይፈርማል፣ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ካላደሰ መያዣው ይቀርበታል። ከተሞቹ ይህን ያደረጉት ስለጨነቃቸው ነው። ወጣቱ ወደ ሚላኖ፣ ወደ ቶሪኖ፣ ወደ ጀርመን ሄዷል፤ የቀሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ልጅ የለምና ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ በላተኛ የለምና ዳቦ ቤቱ ይዘጋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ የወጣው ከዚያ ባዶነት ነው። ልጆቹ ጥለውት የሄዱትን ሽማግሌ የምታጥበው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ቤት የገዛ እንግዳ ማንንም አያፈናቅልም። ጣራ ይጠግናል፣ ማታ መብራት ያበራል፣ ግንበኛ ይቀጥራል። ከንቲባው «እንኳን መጣህ» ቢለው እውነቱን ነው።

ስፔንና ፖርቱጋል ሌላ ታሪክ አላቸው፤ ግሪክም እንደዚያው። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ካደቀቃቸው በኋላ የመኖሪያ ፈቃድን ከቤት ሽያጭ ጋር አሰሩት፤ «ወርቃማ ቪዛ» ተባለ። ፖርቱጋል በ2012 ጀመረች። ግሪክና ስፔን በ2013 ተከተሉ፤ ግሪክ በ250 ሺህ ዩሮ፣ ስፔን በ500 ሺህ። ገንዘቡ ገባ። ያን ጊዜ ቤት ማለት ከቻይና፣ ከሩሲያ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ሳጥን መሆን ጀመረ። ባለአገሩ አስተናጋጅና ነርስ በገዛ ከተማው ኪራይ መክፈል አቃተው። ለዚህ ቪዛው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ለቱሪስት በቀን የሚከራየው አፓርታማ ይብሳል። በ2024 በካናሪ ደሴቶች ብዙ ሺህ ሰው ሰልፍ ወጣ፤ ባርሴሎና ውስጥ ደግሞ ምግብ ቤት ደጅ በተቀመጡ ጎብኚዎች ላይ ነዋሪዎች በአሻንጉሊት ሽጉጥ ውኃ ረጩ። መንግሥታቱም አንድ በአንድ ወደኋላ ተመለሱ። ፖርቱጋል በ2023 ቤት ገዝቶ ቪዛ ማግኘትን አስቀረች። ግሪክ በአቴንስና በሳንቶሪኒ መነሻውን ወደ 800 ሺህ ዩሮ ሰቀለችው። ስፔን በሚያዝያ 2025 ጨርሳ ዘጋችው።

ስለዚህ እዚያው ደቡብ አውሮፓ ውስጥ አንድ ዓይነት ግዢ በአንዱ ቦታ ሕይወት ሲዘራ በሌላው ቦታ ሰው ያስወጣል። የገዢው ልብ በሁለቱም ቦታ ያው ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ ወዳድ፣ ወይን ወዳድ፣ ማንንም ሊጎዳ ያላሰበ ሰው። ልዩነቱ ያለው ቤቱን ከሱ ሌላ የሚፈልገው ሰው መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ይህን የመጀመሪያ ነጥብ አድርጌ ያዝኩት።

አንድ ነገር ሳልል ግን ማለፍ አልችልም። ስፔን የመኖሪያ ፈቃድን ለቤት ገዢ የሚሰጠውን ሕግ ያወጣችው በመስከረም 2013 መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ያው ባሕር ነው፤ ያው ሳምንት ነው። አንዱ ሰው ባሕሩን ለማየት ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ይገባል፤ ሌላው ባሕሩን ሊሻገር ለደላላ ከፍሎ ይሰጥማል። የጣሊያን ሕግ እዚያ የማይኖር የውጭ ዜጋ ቤት ሊገዛ ሲመጣ «አገርህ ለጣሊያናዊ ትሸጣለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአጸፋ መርህ ይሉታል። መልካም መርህ ነው። «አገራችን ለአገርህ ሰው የምትሰጠውን ያህል ቪዛ ትሰጣለች ወይ?» የሚል ተመሳሳይ መርህ ቢኖር ደግሞ የጋሞ ልጅ ሁሉ ቬኒስን አይቶ በተመለሰ ነበር።

ወደ አርባ ምንጭ ልምጣ።

አርባ ምንጭ ወጣት ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ እዚህ የተተከለው በ1950ዎቹ ነው። በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭ ከክልሉ ማእከላት አንዷ ሆነች። ተማሪ ይመጣል፣ መምህር ይመጣል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ይመጣል፣ ከደጋው ደግሞ ቁራጭ መሬት ተከፋፍሎ ያለቀበት ወጣት ይወርዳል። የጋሞ ደጋ እንሰቱና ገብሱ ተጨናንቆ የሚበቅልበት፣ የአባት ማሳ ለአራት ወንድማማች ሲደርስ የጓሮ ያህል የሚሆንበት አገር ነው። እንግዲህ ሳምቡካ ሰው እየፈለሰባት ባዶ ቀረች፤ አርባ ምንጭ ሰው እየፈለሰባት ሞላች። «ፈለሰ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለቱንም መሸከሙ አይገርምም?

ከተማዋ ውብ ናት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሴቻ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ የነጭ ሣር ሜዳ። ለዚህ እይታ ሰው ገንዘብ ቢከፍል አይፈረድበትም። በቀለ ሞላም ሆቴሉን እዚያ አፋፍ ላይ የሠራው ዝም ብሎ አይደለም። ነገር ግን እይታ የሚባለው ነገር እንዴት ይሸጣል? ሐይቁን የሠራው የለም። ድልድዩን የሠራው ስሙ ላይ ተጽፏል። ቤቱ ከሲቀላው ቤት ይልቅ የተወደደው በሲሚንቶው አይደለም፤ ሻጩ የሚያስከፍለው አንድም ቀን ያልደከመበትን ነገር ነው። ደላላው «ቪውው ብቻ ያወጣዋል» ሲለኝ ነበር ይህን ያሰብኩት።

እኛ አገር ደግሞ መሬቱ ራሱ አይሸጥም። ይህ የመጣው ከብዙ ደም በኋላ ነው። ጋሞ ከአፄ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ በገባር ሥርዓት ሥር ወድቆ፣ የአባቱን መሬት እያረሰ ለመጣው ባለሥልጣን ሲገብርና ሲያገለግል የኖረ ሕዝብ ነው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌ 1967 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ኢሕአዴግ መጣና ቤቱን ለግለሰብ ቢፈቅድም መሬቱን አለቀቀም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሰጠ፤ ቤት እንዲኖራቸውም ፈቀደ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ቆረጠ። በ2017 ደግሞ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ለውጭ ዜጋ ዝግ ሆኖ የኖረው በር ተከፈተ፤ 150 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ያለው የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ሊኖረው ይችላል። ስፔን በሯን በዘጋችበት ዓመት ማለት ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ እንደ ታክሲ።

«መሬት አይሸጥም» ስለተባለ ግን ደሀ ከመፈናቀል ዳነ ማለት አይደለም። ከሴቻ ቁልቁል የሚታየው ያ ውብ ነጭ ሣር፣ በ1966 ፓርክ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ ኮሬውና ጉጂው ስንት ጊዜ ከውስጡ ውጣ ተብሏል። በ1996 እና በ1997፣ አንድ የውጭ ድርጅት ፓርኩን ሊያስተዳድር በተዋዋለበት ጊዜ፣ ኮሬዎች ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የጉጂዎች ጎጆ ተቃጠለ። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ጥሎ ሄደ። ማንም መሬት አልሸጠም፤ ሰው ግን ወጣ። ከተማ ሲሰፋም እንደዚያው ነው። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ይዞታውን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ትልቁን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ይከፍለዋል። አሥራ አምስት የሙዝ ምርት። አያቱ ለተቀበረበት መሬት ይህ ስንት እንደሆነ አስቡት፤ ልጁ 20 ዓመት ሳይሞላው ያልቃል።

ስለዚህ «ገበያ መጥፎ፣ መንግሥት ጥሩ» ብዬ መገላገል አልቻልኩም፤ ተቃራኒውንም። ሌላ መለኪያ ፈለግኩ። ያገኘሁት ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ወደ ደጋው ስወጣ ነው።

ዶርዜን ያየ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፣ ከላይ በእንሰት ልባስ ይሸፈናል፣ ከፊት እንደ ዝሆን ግንባር ወጣ ይላል። ሲሠራ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላውን ቆርጠው ያወጡታል፤ ቤቱ በየጊዜው ዝቅ ይላል። የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ ማወቅ ይቻላል። ቦታው ካልተስማማም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ በሰው ትከሻ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሕጋችን ቤትን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ይለዋል፤ ዶርዜ ላይ ግን ቤቱ ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር ነው። ጎረቤት የሌለው ሰው ቤቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ያ ቤት በእውነት የማይንቀሳቀስ ይሆናል።

እዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ የሚረዳ ነገርም አገኘሁ። ዶርዜ ውስጥ ብዙው ቤት ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይኖርበትም። ሸማኔው ሽሮ ሜዳ ነው ያለው። አዲስ አበባ ሲሸምን ከርሞ ለመስቀል ይመጣል፤ ዮ መስቀላ ሲባል መንገዱ በመኪና ይሞላል፣ በሬ ይታረዳል፣ ሙሽራ ትወጣለች። በዓመት ምናልባት ሁለት ሳምንት። እንግዲህ አለመኖር በራሱ በደል ከሆነ የዶርዜ ሸማኔ ሁሉ በዳይ ሊሆን ነው። ማንም እንዲህ አይለውም። ለምን?

አንድ የጨንቻ ሽማግሌ ጠየቅኩ። የመለሱልኝ አጭር ነበር፤ «ሲመጣ ይጠየቃላ!»

በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለ። የተጣላ የሚታረቅበት፣ የበደለ የሚጠየቅበት፣ ነገር ሁሉም እስኪስማማ የሚመከርበት ነው። ጎሜ የሚሉትም አለ፤ ሊጣስ የማይገባውን ነገር የጣሰ ሰው ጦሱ ለራሱ ብቻ አይተርፍም፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን ይነካል ተብሎ ይታመናል። እምነቱን ተቀበሉት አትቀበሉት፣ ውስጡ ያለው ሐሳብ ቀላል አይደለም። አንተ በይዞታህ ላይ የምታደርገው ነገር ባንተ አጥር ውስጥ አያልቅም ነው የሚለው። ሸማኔው በመስቀል ሲመለስ ከተጣላው ጋር ሳይታረቅ በዓሉን አይውልም። አጥሩን ገፍቶ ከሆነ ይነገረዋል። ለቀብር ካልመጣ ይወቀሳል። ሩቅ ይኖራል እንጂ ከጥያቄ አላመለጠም።

ይህ ጥያቄ የዘር እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ደሙ ፈልቶ ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቱ ቆመ። ዓለም ያየው ፎቶ ነው። የዳነው ነገር ምን ነበር? ጋሞ ያልሆነ ሰው ቤትና ንብረት፣ ነፍሱም። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን «ይህ ቤት እዚህ ይገባዋል» ያሉት ባለቤቱን የማን ልጅ ነህ ብለው ሳይጠይቁ ነው። አብሮን ይኖራል፤ በቃ።

እንግዲህ መለኪያዬ እዚህ ደረሰ። ቤት ያለው ሰው እዚያ አገር ላይ የሚጠየቅበት ቦታ አለው ወይ? አሊካንቴ ላይ ቤት ገዝቶ ጡረታውን ከጎረቤቱ ጋር የሚያሳልፍ እንግሊዛዊ አለው ሊባል ይችላል። ማድሪድ መሀል አምስት አፓርታማ ገዝቶ አንዱንም ያላየ ባለሀብት የለውም፤ ደረጃው ቢፈርስ፣ ተከራዩ ቢታመም፣ ፊቱን የሚያይበት ሰው የለም። ግብር መክፈሉ ይህን አይተካም። እኛ ይህን ከእድር እናውቀዋለን። ወርኃዊ መዋጮህን አንድም ወር ሳታጓድል ብትከፍልም ቀብር ላይ ካልተገኘህ ትቀጣለህ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ፈላስፋ አልነበሩም፤ ግን ገንዘብ መክፈልና መገኘት ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች መሆናቸውን ጽፈው ማኅተም አድርገውበታል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «22 ዓመት ሰው ቤት ነው ያደርኩት። የምተኛበት ክፍል በር እንኳ አይቆለፍም፤ አሮጊቷ ሌሊት ብትጠራኝ እንድሰማ። በዓመት አንድ ወር የራሴን በር ልዝጋ ባልኩ ዱቡሻ ታቆመኛለህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የተሟላ መልስ የለኝም። የሷ ገንዘብ የሩሲያ ባለሀብት ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ ዩሮ የሌላ ሰው እናት ከታጠበችበት ቀን የተቆረጠ ነው። ለመሆኑ ደጋው ላይ እናቷ የኖረችበት ቦታ ለወንድሞቿ ተከፋፍሎ ለሷ የደረሳት የለም፤ ሴት ልጅ ነበረቻ። «አገርህ ነው፣ ባገርህ ሥራ» እያለ ከዳያስፖራ ዶላር የሚለምን አገር፣ ቤት ልግዛ ስትል «ኪራይ አስወደድሽ» ቢላት ደግሞ ግብዝነት ይሆናል። የኔም ነገር መታወቅ አለበት፤ እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። ስለ ቤት ገዢ የሚጽፍ ተከራይ ገለልተኛ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ቤቱን ግን አይቼዋለሁ። አራት ክፍል፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከኋላ ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች። ዋናው ቤት ውስጥ ማንም የለም። ሰርቪሱ ውስጥ አንዲት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖራበታለች። ሲቀላ አሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ቡና አፈላችልኝ፤ ልጆቹ የሚማሩት እዚያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ሽፈራውና አንድ ማንጎ አለ። ሁለቱንም የተከለችው እሷ ናት፤ ሽፈራውን ለኩርኩፋ ትቀጥፈዋለች፣ ማንጎው ማፍራት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። በካርታው ላይ ዛፎቹ የባለቤቱ ናቸው፤ ከሽያጩ ጋር ያልፋሉ። ዘጠኝ ዓመት ውኃ ያጠጣ እጅ በውሉ ውስጥ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

ስነሳ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ገዢዋ ትገባበታለች ወይስ እንደኛ ሰው ታስቀምጥበታለች?»

አስተውሉ፤ ያነሳችው «ታስወጣኛለች ወይ?» የሚለውን አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄዋ ቤቱ ሰው ይኖርበታል ወይ ነው። ዋናው ቤት ባዶ ሆኖ እሷ ከኋላ በሁለት ክፍል አራት ነፍስ ሆና ስትኖር አንድም ቀን ስትማረር አልሰማሁም፤ ባዶነቱ ግን ይከብዳታል። ማታ ጨለማ ነው፤ ሌባ ይመጣል፤ ጎረቤት የለም።

መጀመሪያ የያዝኩት ነጥብ፣ ቤቱን ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ ወይ የሚለው፣ እዚህ ግቢ ውስጥ መልሱ ቡና ቀድቶልኛል። ሁለተኛው፣ ገዢዋ የምትጠየቅበት ቦታ አላት ወይ የሚለው፣ ገና አልተመለሰም፤ ግን ሊመለስ የሚችል ነው። የአክስቴ ልጅ ከሩቅ ገዢ የሚለያት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቋንቋውን ትናገራለች፣ ሰው ያውቃታል፣ መስቀል ሲደርስ አክስቴ ልጄ የት ናት ብላ ትጠይቃለች። ሩቅ ሆና መጠየቅ ትችላለች፤ ከፈለገች።

ስለዚህ «አትግዢ» አላልኳትም። ከነተከራይዋ ግዢው አልኳት። ዋናውን ቤት ለራስሽ ያዢ፣ ከኋላ ያሉትን አታንሺ፣ የጽሑፍ ውል ይኑራቸው፤ የ2016ቱ የኪራይ አዋጅም የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፣ አፈጻጸሙ በየከተማው እጅ ቢሆንም። የሰፈሩ እድር ግቢ፤ አንቺ በሌለሽበት ቀብር የሚቆምልሽ ሰው ይኑር፤ ያ ሰው እሷው ልትሆን ትችላለች። ማንጎው የሷ ይሁን። የሲሲሊውን በተመለከተ አስተያየት አልሰጠሁም፤ እዚያ ከተማው ራሱ ኑልኝ ብሏል፣ ሁኔታውንም አስቀምጧል፤ እኔ ምን አገባኝ።

«ሻጩ ይስማማል?» አለችኝ።

ደላላውን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሰው ያለበት ቤት'ኮ ዋጋው ይወርዳል። ሻጩ አስለቅቆ ነው የሚያስረክበው» አለ። ባዶው ይወደዳል ማለቱ ነው። ካልተለቀቀ በስንት እንደሚወርድ አስልቶ ነገረኝ፤ ሻጩ በዚያ ዋጋ ይሸጣል ወይ ስለው «ደስ ባይለውም ይሸጣል» አለ። ሁለቱን ዋጋዎች፣ የባዶውንና ሰው ያለበትን፣ ጎን ለጎን ጽፌ ላክሁላት። ርካሹ እኔ የመከርኳት መሆኑ ደስ ይላት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እኔን ደስ ሊለኝ ይችላል» አለች፤ «ስሸጠው ግን እኔም በርካሽ ነው የምሸጠው።» ያን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ሁለታችንም እያሰብንበት ነው።